ገመዱ በእጄ ሳለ

ግንቦት 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ብቸና ላለችው እናቴ።

እማ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ ከዳገቱ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ኪዳን ለማስደረስ ስትወጪ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ያስቀምጥሻል? ጥቁሯ ላም ወለደች? በረዶ የመታው የጓሮ ጌሾ አቆጠቆጠ? ያን ሁሉ እዚህ ሆኜ አስበዋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ሌላ ሰው አጋንኖ እንዳይነግርሽ ግን ራሴው ልንገርሽ፤ ግራ ክንዴን እሳት ነክቶኛል። ሐኪሙ አይቶት ወደ ውስጥ አልዘለቀም ብሏል። ጣቶቼ በሙሉ ይታዘዙኛል። የምጽፈውም በደኅናው እጄ ነው፤ ስለዚህ አትደንግጪ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ያለው ጋሼ ውበቴ ቤት ስለሆነ ነው። ወንድምሽ አጠገብሽ ተቀምጠው እየሰሙ ልነግርሽ የምችለው ነገር አይደለም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ይህ ተነቦ እስኪያልቅ ድረስ ከተቀመጥሽበት አትነሺ። መሀል ላይ ስም ትሰሚያለሽ። ስሙን ስትሰሚ «በቃ፣ እጠፈው» እንዳትይ። ስለ አባቴ ነፍስ ብዬ ነው የምለምንሽ።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። ጎረቤት ሲጠይቅሽ «ብረት ትበይዳለች» ትያቸዋለሽ፤ እነሱም የበርና የመስኮት ይመስላቸዋል። የውሃ ወፍጮ መዘውር ታውቂ የለ፤ ውሃው እየመታ የሚያዞረውን? እዚህ ሸለቆ ውስጥ ያለው የኃይል ማመንጫም አሠራሩ እንደዚያው ነው። መዘውሩ ግን ቤታችንን ያህላል። ከቀለጠ ብረት በቅርጽ ፈስሶ የወጣ ነው፤ ክንፎቹም እንደ ጥቅል ጎመን ቅጠል እየተጠማዘዙ እርስ በርስ ተጠጋግተዋል። ራነር ይሉታል። ውሃ ዓመታት ሙሉ ሲደበድበው ኖሮ ክንፎቹ ከሥራቸው ላይ ተሰነጠቁ። አዲስ ይታዘዝ ቢባል ከባሕር ማዶ ተሠርቶ እስኪመጣ ከተሞች ጨለማ ውስጥ ይከርማሉ። ስለዚህ በክሬን አንሥተው አዳራሹ ወለል ላይ አስቀመጡትና ጠግኑ አሉን።

ብረቱ ቁጡ ነው። የማይዝግ ሆኖ ሳለ ማግኔት ይስበዋል፤ መሐንዲሳችን አቶ ወልደ ኪዳን ማርቴንሳይት የሚባለው ዓይነት ነው ይላሉ። እንደ ተራ ብረት በብርዱ ከበየድሽው፣ ብየዳው የነካው ቦታ እንደ ብርጭቆ ይደነድንና፣ አንቺ ጨረስኩ ብለሽ ዕቃሽን ከሰበሰብሽ በኋላ፣ ምናልባትም በማግስቱ፣ ማንም ሳይነካው ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሳይሞቅ አይበየድም። እየተበየደም ሙቀቱ እንዲለቀው አይፈቀድም። ሲያልቅም ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይደረጋል፤ ከዚያ እንደገና ይሞቃል። ዙሪያውን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከብበነው፣ ሙቀት እንዳያመልጥ በወፍራም እሳት ቻይ ብርድ ልብስ ሸፍነነዋል። ውሃ ጠብ ቢልበት ጭስ ብሎ ይጠፋል።

እኛ በዚያ ትኩስ ብረት ክንፎች መካከል በደረታችን እየተሳብን ገብተን ነው የምንበይደው። ቆዳ እንለብሳለን፣ ከሥራችንም ወፍራም ምንጣፍ እናነጥፋለን። ያም ሆኖ ብዙ አያስቆይም፤ ትንሽ ሠርቶ መውጣት፣ ለሌላው መልቀቅ ነው። መግቢያው ደግሞ ጠባብ ነው። የረዥም ጊዜ ልምድ ያላቸው ደንዳና በያጆች ሞክረው ትከሻቸው አላሳልፍ አላቸው። ማለፍ የቻልነው ሁለት ቀጫጮች ብቻ ነን። እኔና አንድ የሞጣ ሰው።

ሞጣ የሚለውን ስትሰሚ ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ከሞጣ የመጣ ነገር ቤታችን አይገባም ነበር። ትንሽ ልጅ ሆኜ ከገበያ ሸንኮራ ገዝቼ መጣሁ፤ ሻጩ የሞጣ ሰው መሆኑን ስነግርሽ ከእጄ መንጭቀሽ ለከብቱ ወረወርሽው። እኔ ለሸንኮራው ደጅ ሆኜ አለቀስኩ፣ አንቺ ጓዳ ገብተሽ አለቀስሽ። ያን ጊዜ የሁለታችን ለቅሶ ለየቅል መሆኑን አላወቅኩም።

ሥራ የጀመርን ቀን አቶ ወልደ ኪዳን ስማችንን ጠሩ። «ወይንእሸት ሣህለ ማርያም» ሲሉ «አቤት» አልኩ። ከኋላዬ የቆመ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁት። ቀጠሉና «ሰማው አካለ ወልድ» አሉ።

እናቴ፣ አዎ። የዚያው የአካለ ወልድ ልጅ ነው።

ተቀመጪ። እባክሽ።

እኔም መጀመሪያ ራሴን አታለልኩ፤ በአገሩ ስንት አካለ ወልድ አለ አልኩ። ምሳ ላይ የየት አገር ሰው እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ሞጣ አለኝ። ትውልድህስ ስለው ጉርሻውን እጁ ላይ ይዞ ቆየ። «ብቸና ዙሪያ ነው። በልጅነቴ ነው የወጣነው» አለና እህሉን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ ምን ልጠይቀው? እሱ ማን እንደሆንኩ አውቋል፣ እኔም ማን እንደሆነ አውቄአለሁ፤ ማወቃችንንም ሁለታችንም አውቀናል። ተነሥተን ወደ ሥራችን ሄድን።

የዚያን ዘመን ነገር ከአንቺ በላይ አላውቅም። መሬት እንደገና የተደለደለ ጊዜ ነው፤ በእኛና በጎረቤታችን በአካለ ወልድ መካከል የወሰን ድንጋይ ጠብ አመጣ፤ ሰው ሊገላግል ሲሮጥ አባቴ ወድቆ ነበር። እኔ የማስታውሰው በቃሬዛ ሲያመጡት አንድ እግሩ ባዶ እንደነበረና የጎደለውን ጫማ ፍለጋ ወደ ማሳው መሮጤን ነው። አካለ ወልድ ታሰረ። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ሞጣ ገባች። አጎቶቼ ቤታችን ተሰብስበው ከረሙ።

አንድ ነገር ነግሬሽ አላውቅም። ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ ከመጋረጃው ኋላ ተኝቼ ነበር፤ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሎሽ ለጋሼ ውበቴ «ምነው ይህችን ወንድ ባደረጋት ኖሮ» አልሽ። አልቀየምኩሽም። ሐዘንሽ ነው የተናገረው። ግን ያቺ ቃል ከእኔ ጋር አደገች። ደብረ ማርቆስ ቴክኒክ ስገባ ልብስ ስፌት ተማሪ ሲሉኝ ብረት ካልሆነ ያልኩትም በእሷ ምክንያት ይመስለኛል። ወንድ ይሠራዋል የተባለውን ሁሉ ሠርቼ ላሳይሽ ፈልጌ ነበር። አንዱ ብቻ ቀረኝ፤ እሱንም አንቺ አልጠየቅሽኝም።

አቶ ወልደ ኪዳን ምንም አያውቁ፤ ሁለታችንን አጣመሩን። አንዱ ሲገባ ሌላው መግቢያው ላይ ይቀመጣል። የገባው ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ የገመዱን ጫፍ የያዘው ዓይኑን ከዚያ አይነቅልም። አንዴ ሲሳብ የብየዳ ዘንግ አቀብዪኝ ነው፤ ሁለቴ ሲሳብ ልወጣ ነው። ገመድ የያዘ ሰው ምንም ቢመጣ ተከትሎ አይገባም፤ ይህ የማይሻር ትእዛዝ ነው። ስንት አገር አንዱን ለማውጣት የገባው ሁለተኛው ቀርቷል።

እንዲህ ሆነን ሳምንታት ሠራን። ከሥራ ቃል በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። «ዘንግ»፣ «ሙቀት»፣ «ውጣ»፣ «ግቢ»። በመካከላችን የነበረው ሳሊህ የሚባል የሞጣ ሰው ነው፤ ማሞቂያዎቹን የሚቆጣጠር፣ ብረቱ በልኩ መሞቁን በሚቀልጥ ጠመኔ እየጫረ የሚያረጋግጥ፣ ጨዋታ አዋቂ ጎልማሳ። «ስሙ ሰማው ነው፣ ማስኩን ካጠለቀ ግን አይሰማም» እያለ ያስቀን ነበር። አንድ ቀን ብቻዬን ሲያገኘኝ ጨዋታውን ተወ። «ልጄ፣ የሁለታችሁን ነገር አውቃለሁ፤ ሞጣ ትንሽ አገር ነው» አለኝ። ቀጠለና እንዲህ አለኝ፤ «አባቱ ከእስር ከወጣ በኋላ ጎረቤታችን ነበር። እኛ ወደ መስጊድ ስናልፍ እሱን ሁልጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው የምናየው። በሩን አልፎ አይገባም። ዝናብ ቢወርድበትም አይገባም። አባቴ አንድ ቀን ምነው አይገቡም ቢሉት፣ ለእኔ እዚህ ይበቃኛል አላቸው። እንደዚያው ሆኖ ሞተ።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ስሰማ ልቤ አልራራም። «ደግ አደረገ፤ አባቴ ቅጥሩ ውስጥ ነው የተኛው» አልኩት። ሳሊህ ራሱን ነቅንቆ ወደ ማሞቂያው ተመለሰ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ጠዋት ላይ ጋሼ ውበቴ ደወሉልኝ። ከማን እንደሰሙ አልነገሩኝም፤ እዚህ የእኛ አገር ሰው አይጠፋም። «የአካለ ወልድ ዘር አብሮሽ ይሠራል አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ። «ዝምታሽ ነገረኝ» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ ምንም አታድርጊ፣ ሴት ልጅ ነሽ። ለእረፍት የሚወጣበትን ብቻ ንገሪኝ። የሞጣ አውቶቡስ ብቸናን ሳይረግጥ አያልፍም» አሉኝ። እሺም እምቢም ሳልል ስልኩን ዘጋሁት። የቆዳ ልብሴን ለበስኩ።

ተራው የእሱ ነበር። ከስንጥቁ ሁሉ ክፉው ላይ ደርሰን ነበር፤ ከክንፉ ሥር ጥልቅ ድረስ ሞርደን አውጥተነዋል፤ የመጀመሪያው ንጣፍ ደግሞ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ አርጎን በሚባል ጋዝ ነበር የሚበየደው። አርጎን ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ከአየር ግን ይከብዳል፤ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ወርዶ እንደ ውሃ ይተኛል፣ የሚተነፈሰውንም አየር ገፍቶ ያስወጣል። ስለዚህ ጋዙን እየሳበ ወደ ውጭ የሚተፋ ማራገቢያ በትልቅ ቱቦ ገብቶለታል። ሰማው ማስኩን አጠለቀ። ገመዱን ወገቡ ላይ አሰርኩለት። እንደ ልማዱ አማተበና ገባ።

ብልጭታው ከውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ይታየኝ ነበር። አንዴ ገመዱ ተሳበ፤ ዘንግ አቀበልኩት። እኔ ጆሮዬ ውስጥ የጋሼ ውበቴ ድምፅ ነበር። በወዲያኛው በኩል፣ ከእኔ እይታ ውጭ፣ ከከባዱ ብርድ ልብስ አንዱ ተንሸራቶ ቱቦው ላይ እንደወደቀና እንደጨፈለቀው ያን ጊዜ ማንም አላየም። ማራገቢያው ይጮሃል፤ የሚስበው ግን የለም።

ብልጭታው ጠፋ። ዘንግ ሊለውጥ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ገመዱ አልተሳበም።

«ሰማው!» አልኩ።

መልስ የለም።

እናቴ፣ እዚህ ላይ የሆነውን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሱም ቢሆን። ዛሬ ግን ይሰማዋል። ቆምኩ። ገመዱን ይዤ ዝም ብዬ ቆምኩ። አንድ ትንፋሽ ይሁን ሁለት አላውቅም። ማንም ምንም አይለኝም ነበር፤ አደጋ ነው ይባላል፤ ጋሼ ውበቴም መንገድ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም ነበር። አንቺ ደስ ይልሽ እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ። ፊትሽን ላየው ሞከርኩ፣ ሊመጣልኝ አልቻለም። የመጣልኝ የገመዱ ክብደት ብቻ ነበር። ሰው በሕይወት ሲይዘውና ሳይዘው ገመድ ክብደቱ ይለያያል። ያ ገመድ እጄ ላይ ሞቶ ነበር።

ያን ጊዜ ጮህኩ። የጋዙን ቁልፍ ዘጋሁ፣ የብየዳውን መስመር አጠፋሁ፣ ገመዱን በሙሉ ኃይሌ ሳብኩ። አልመጣም። ሳሊህ ሮጦ መጣ፤ ሁለታችን ሳብነው፤ ትንሽ መጣና ያዘው። እግሩ ከክንፉ ኋላ ተቆልምሞ ነበር፤ ብንስበው እግሩን እንገነጥለዋለን እንጂ አይወጣም። አቶ ወልደ ኪዳን ደረሱ። የመተንፈሻ ጭምብሉ ከታችኛው አዳራሽ ነው፤ ሰው ላኩ። እኔ ማስኬን ስጥል አዩና ክንዴን ያዙኝ። «ወይንእሸት፣ አትገቢም! ሁለት ሬሳ አላወጣም!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን «ጋሼ፣ ሌላ ማን ያልፋል?» አልኳቸው። ዙሪያቸውን አዩ። የቆሙት ሁሉ ደንዳና ሰዎች ናቸው። ክንዴን ለቀቁኝ፣ ሌላ ገመድ ወገቤ ላይ አሰሩና የታመቀ አየር የሚነፋውን ቀጭን ቱቦ አምጥተው እጄ ላይ አደረጉት። «ከአፍሽ እንዳይለይ። ገመዱን በሳብኩ ጊዜ ትወጫለሽ፤ አግኝተሽውም ሳታገኚውም» አሉኝ።

ገባሁ። አየሩ ከአፌ ሥር ይነፍሳል፣ ብረቱ ከላይ ከታች ይፋጃል። ሰማው በግንባሩ ተደፍቷል። የአየሩን ቱቦ አንዴ ወደ ፊቱ፣ አንዴ ወደ ፊቴ አደርጋለሁ። ወደ እግሩ ለመድረስ በላዩ ላይ መሳብ ነበረብኝ። ስዘረጋ የቆዳ ልብሴ እጅጌ ተሰበሰበና ክንዴ ራቁቱን ብረት ነካ። የራሴ ሥጋ ሸተተኝ። ጣቴን ከጫማው ተረከዝ ኋላ አስገብቼ ወደ ታች ጫንኩት፤ አልወጣም፤ ማሰሪያውን ፈታሁና እግሩን ከጫማው አወጣሁት። «ሳቡ!» ብዬ መጮሄን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ነው የታየኝ።

ወለሉ ላይ አጋድመውት አቶ ወልደ ኪዳን ደረቱን ይጫኑ ነበር። ሳሊህ በእጁ የሰማውን ራስ ይዞ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አይ ነበር። ከንፈሩ የመሬት መልክ ነበረው። ጸለይኩ ብልሽ ውሸት ነው፤ «ተነሥ አንተ፣ ተነሥ አንተ» ስል ነበር፣ ልክ የደከመ በሬ እንደሚያስነሣ ሰው። በኋላ ሳል ጀመረው፤ አስታወከ፤ ዓይኑን ገለጠ። ባዶ እግሩን አየ። መጀመሪያ የጠየቀው ገመዱን ማን ይዞት እንደነበረ ነው።

«ወይንእሸት ናት። ገብታም ያወጣችህ እሷ ናት» አለው ሳሊህ።

ወደ እኔ አላየም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ክሊኒክ ሲወስዱን በመኪናው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን።

ብረቱ ግን አይጠብቅም። በግማሽ የተበየደ ክንፍ ሙቀቱ ቢለቀው ዳግመኛ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ የወራት ልፋት ገደል ይገባል። አቶ ወልደ ኪዳን ሥራውን አስቁመው ቱቦውን ሁሉ አስፈተሹ፤ የአየሩን ደኅንነት የሚለካ መሣሪያም አስገቡ፤ ሳሊህ ከማሞቂያው ሳይለይ ሙቀቱን ያዘልን። በማግስቱ ክንዴን በፋሻ ጠቅልዬ መጣሁ። አቶ ወልደ ኪዳን ከልባቸው ከለከሉኝ፤ ሌላ የሚያልፍ ሰው እንደሌለ ግን እሳቸውም ያውቃሉ። የምይዝበት ቀኝ እጄ ደኅና ነው አልኳቸው። በመጨረሻ እሺ አሉ።

መግቢያው ላይ ስደርስ ሰማው ገመዱን ይዞ ተቀምጧል። ተኛ ብለውት ከክሊኒክ አምልጦ መጥቶ ነው። ሰውየው ገና ሲቆም ያንገዳግደዋል። ሌላ ሰው ይያዝልኝ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ወገቤ ላይ አሰረልኝ። ቋጠሮውን ሦስቴ ፈትቶ አሰረው።

ውስጥ ሆኜ ስበይድ አንድ ነገር ገባኝ። ያን ሁሉ ሳምንት የእሱ ሕይወት በእጄ መሆኑን ብቻ ነበር የማስበው። እኔ ስገባ ግን ገመዱ በእሱ እጅ ነበር። የገዳይ ልጅ የሟችን ልጅ ይፈራል፤ ደሟን ከምትመልስብኝ ልቅደማት ቢል ማን ያውቅበታል? አንድም ቀን ዓይኑን ከገመዱ ነቅሎ አያውቅም ነበር።

ስወጣ ውሃ አቀበለኝ፤ ከዚያ መናገር ጀመረ። ሀይማኖት የምትባለው ሚስቱ ሞጣ ናት፤ ነፍሰ ጡር ናት። «አባቴ አንድ ነገር ብቻ አወረሰኝ፤ ወደ ብቸና አትሂድ የሚል» አለኝ። «ወደ ሞጣ ስሄድ ዕድሜዬን ሙሉ በባሕር ዳር ነው የምዞረው። ልጄ ሲወለድ እኔም ይህንኑ ልነግረው ነው? ስም ሳላወጣለት ጠላት ላወጣለት?» አለኝ። ቀጥሎም እንዲህ አለ፤ «ወይንእሸት፣ አንቺ ይቅር እንድትዪኝ አልጠይቅሽም፤ የሚገባሽን አድርገሻል። እናትሽ ዘንድ ልሂድ።»

የጋሼ ውበቴን ነገር ሳልደብቅ ነገርኩት። በባሕር ዳር ዙር፣ እባክህ፣ ልጅህን እይና ከዚያ በኋላ በሽማግሌ ይታሰባል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ሽማግሌ ሲላክ ወንዶች ተቀምጠው ይነጋገራሉ። እሳቸው ከጓዳ ሆነው ይሰማሉ። እኔ የምፈልገው እሳቸውን ነው» አለ። አብሬህ ልምጣ ብዬ ብጠይቀውም፣ «አንቺ ካለሽ ለአንቺ ሲሉ ይምሩኛል። ብቻዬን አይተውኝ ይፍረዱ» ብሎ እምቢ አለኝ። እኔም ብሆን አሁን መንቀሳቀስ አልችልም፤ ያ ክንፍ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ቀይ ቀለም ቀብተው፣ ጠርገው፣ ነጭ ዱቄት ነፉበት፤ ስንጥቅ ቢኖር ቀዩ እንደ ክር ብቅ ይል ነበር፤ አልወጣም። ሌሎች ክንፎች ግን ገና ብረቱ ላይ ይጠብቁኛል፤ አቶ ወልደ ኪዳን ከሌላ ማመንጫ አንዲት ቀጭን ልጅ አስመጥተው እያለማመድኳት ነው።

እማ፣ አንድ ነገር እንዳትሳሳቺ። ወደ ውስጥ የገባሁት ይቅር ብዬው አልነበረም። ገመዱ በእጄ ሳለ እንዲሞት አልፈለግኩም፤ ይኸው ነው። ይቅርታው የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ቀስ ብሎ ነው፤ ሁሉም መምጣቱን ገና አላረጋገጥኩም። ስለዚህ አንቺንም ዛሬውኑ ይቅር በይ አልልሽም። አንቺ ባል ነው ያጣሽው። ወንድ ልጅ ስላልወለድሽም የማንንም ዓይን ችለሽ ኖረሻል። ብቻ ያን ጊዜ ለጋሼ ውበቴ ያልሽውን ቃል ብትሽሪልኝ ደስ ይለኛል። ወንድ ባለመሆኔ አላዘንኩም።

አሁን ደክሞሻል። ይህን እስከዚህ ያነበበልሽ ሰውም ደክሞታል። ድምፁን አዲስ ሆኖ አግኝተሽው ይሆናል፤ የሠፈራችን ተማሪ አይደለም። አባቴ የወደቀበት ላይ ሲደርስ ንባቡ ከተሰበረ ባለማወቅ እንዳይመስልሽ፤ መርጡለ ማርያም ዳዊት የደገመ ነው። ያቺ እኔ የቆምኩባት ቦታ ላይ ሲደርስም ዝም ብሎ እንደሆነ ታገሺው፤ ገና አሁን ነው የሚያውቃት። ገደሉን ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መኪና ሲጠራ ሰምቶ ይሆናል፤ ፊትሽ ከተቀመጠ ግን አልተሳፈረበትም። ሲጨንቀው እህል አይወርድለትም፤ ከትናንት ጀምሮ ምንም የቀመሰ አይመስለኝም።

የጋሼ ውበቴ ቤት ለመናኸሪያው ቅርብ ነው፤ እንግዳ መግባቱንም እስካሁን ሳይሰሙ አልቀሩም። ከእህታቸው መሶብ የቆረሰን ሰው ግን አይነኩም። ይህን እኔም አንቺም እናውቃለን።

የምጽፈው አለቀ። ከዚህ ወዲያ እሱ የሚያነበው የለም፤ ወረቀቱን አጥፎ ይቀመጣል፣ አንቺም ታዪዋለሽ።

አባቴን በቅዱሳኑ አጠገብ ያሳርፍልኝ። ለጉልበትሽ ብርታት፣ ለልብሽ ዕረፍት ይስጥልኝ። የኪዳነ ምሕረት ጥላ ከደጅሽ አይራቅ፤ ለወጪም ለገቢም።

የማሕፀንሽ ፍሬ፣
ሴት ልጅሽ